ፀሐይ የሚገባበት ክፍል

ከደሴ ተዛውራ የመጣችው ነርስ አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ቤት ስትፈልግ አራተኛ ቀኗ ነበር። ጎፋ ያየችው ክፍል ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል። ኮተቤ ያየችውን ደግሞ ከጎረቤት መጸዳጃ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው፤ ሽታው ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ምሳ ሳትበላ ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ደላላው ሳሪስ ወሰዳት። አከራዩ በሩን ሲከፍተው ክፍሉ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ፀሐይ የሚገባበት ነበር። ጥግ ላይ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው ያቃስታሉ።

«እናቴ ናቸው» አለ አከራዩ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ። «ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። ከቅዳሜ አያልፉም። እሑድ መግባት ትችያለሽ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት።

«ይሰማሉ እኮ! ትንሽ አታፍርም?» ብላ ነርሷ ወጣች።

ደላላው ከኋላዋ ሮጠ። «እህቴ፣ እንዲህ ያለ ቤት እኮ አታገኚም። ዛሬውኑ ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

የግቢው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ክፍሉ በር ላይ ወደቆመው አከራይ ዞረች።

«ፍራሹን ግን ታወጡታላችሁ አይደል?»