ስም አያስፈልግም

የአባቴን ጋቢ ጫፍ ይዤ ወደ ታች እጎትታለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ተነስተዋል።

እንጅባራ አዳራሽ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው፤ የአዲሱን መንግሥት አስፈጻሚ ማን ይምራው? ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው ፕሬዚዳንት ወይስ ምክር ቤት የሰየመው ጠቅላይ ሚኒስትር? አወያይዋ ትዕግስት ገና ስንጀምር ስም አያስፈልግም፣ ሐሳባችሁን ብቻ ተናገሩ ብላናለች። ደግ አደረገች። ባለፈው ስብሰባ የተናገረው ጎረቤታችን ክንዴ በሳምንቱ ከቤቱ ተወሰደ። የትኛው ወገን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም ትንፍሽ አይልም።

ስለዚህ ሰው ሁሉ "አንዳንዶች እንደሚሉት" እያለ የገዛ ሐሳቡን በሌላ ሰው እያሳበበ ነው የሚናገረው። እኛም ከየቤቱ ሰው ካልመጣ ባይባል ኖሮ ደጅ ባልወጣን። አባዬ፣ ዝም ብለው ይዋሉልኝ ብዬ ለምኛቸው እሺ ብለውኝ ነበር። የሳቸው እሺ እንዲህ ነው እንግዲህ።

ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ጋቢያቸውን ያደገድጋሉ።

"ስም አያስፈልግም አባቴ" ትላለች ትዕግስት ቀስ ብላ። እሷም ገብቷታል።

"ስሙን የደበቀ ሰው ቃል ማን ይቀበለዋል?"

ከዚያ እንደ ድሮ ሸንጎ እስከ አያታቸው ይቆጥራሉ፤ ይኸነው አየነው በዛብህ። ቀበሌያችንን ይናገራሉ። ይባስ ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጎጥ ነኝ ይላሉ። ይሄንን ደግሞ ምን አስነገራቸው! በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ስልኩን ወደ እኛ አዙሯል።

ሐሳባቸው አጭር ነው። የሚያዝዘውን ሰው እኛው እንምረጠው፣ ዘመኑ ሲያልቅ ይውረድ ይላሉ።

"ሰው ታስሮ፣ ሰው ሞቶ፣ ማን አዘዘ ሲባል እኔ አይደለሁም የሚል መሪ አይኑረን። ያዘዘው ሰው እንደኔ ቆሞ ስሙን ይናገር።"

ማንም አያጨበጭብም። ትዕግስት ሰሌዳው ላይ "ቀጥታ ምርጫ፣ የሥልጣን ገደብ፣ ተጠያቂነት" ብላ ትጽፋለች። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዘንቢላቸውን አንስተው ሌላ ወንበር ይፈልጋሉ።

አባቴ ይቀመጣሉ። እጄን ጥብቅ አድርገው ይይዙኛል፤ ለካ እሳቸውም ፈርተው ኖሯል። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፃቸው የወጣ አይመስላቸውም። ጠጋ ብለው በአዊኛ ይጠይቁኛል፤ ከኋላ ያሉት ሰምተውኛል?

ዞር እላለሁ። የባለ ስልኩ ሰውዬ ወንበር ባዶ ነው። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

"ሰምተዋል፣ አባዬ" እላቸዋለሁ።