በባቦጋያ የተገለበጠችው ጀልባ

የፋሲካ ማግስት ነበር። በባቦጋያ ሐይቅ ዳር የቤተሰብ የሸራ ጀልባ ውድድር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ንፋስ ተነሳና ሶሊያናና አባቷ የነበሩባት ጀልባ ተገለበጠች። አባትየው የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ብቅ አለ። የአሥር ዓመቷን ሶሊያናን ግን፣ የሕይወት አድን ጃኬቷን እንደለበሰች፣ ማዕበሉ ወደ መሃል ይወስዳት ጀመር። የነፍስ አድን ሞተር ጀልባዋ በወዲያኛው ዳር ነበረች።

ውሃ ፈርታ ዘወትር ከዛፍ ሥር የምትቀመጠው እናቷ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች። የሶሊያና አክስት ክንዷን ያዘቻት።

"አብደሻል? ዋና አትችዪም እኮ።"

እናትየው እጇን መንጭቃ ውሃው ውስጥ ገባች።

ስትደርስባት ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"እማዬ፣ ዋና መቼ ተማርሽ?"

"በጀርባሽ ተኚልኝ፣ ልጎትትሽ" አለች እናትየው እያለከለከች። "አባትሽ መጀመሪያ ጀልባ ላይ ያወጣሽ ሳምንት ጀመርኩ።"