በጋሪ ሜዳው ያልተሸነፈ

የከተማችንን የጋሪ መወዳደሪያ ሜዳ አያቴ ናቸው ያቀኑት፤ ከዚያ ወዲህ ዘራችን ተሸንፎ አያውቅም፣ ፀሐይ ትመስክር። ዘንድሮ ያሸነፈ ባለጋሪ የመናኸሪያውን ተሳፋሪ ብቻውን ይጭናል ተባለ። እኔን የሚጠላ ሁሉ፣ ማለትም ከተማው በሙሉ፣ ለተፎካካሪዬ ለደቻሳ ቆመ።

«አንተ ጉረኛ፣ ዛሬ አቧራዬን ትቅማለህ» አለኝ ደቻሳ።

«ይህን ፍየል ይዘህ ነው?» አልኩት ፈረሱን እያየሁ።

ነፋስ አግዞት ቀደመኝ። ለመጨረሻው መስመር ጥቂት ሲቀረው ሕዝቡ እጁን እያውለበለበ ጮኸለት። ዕድሜ ልኩን እጅ ላነሳ ተሳፋሪ መቆም የለመደው ፈረሱ ጥጉን ይዞ ቀጥ አለ፤ ደቻሳ በአለንጋ ቢገርፈውም ንቅንቅ አላለም።

የእኔም ፈረስ ያው የጋሪ ፈረስ ነው። እኔ ስደርስ ግን ሁሉም እጁን ኪሱ ከትቶ አፈጠጠብኝ፤ ሰተት ብዬ ገባሁ።