ገንዳውን ማን ይሞላዋል?

ክሊተስ ባስኪን የሞተው እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ በረንዳው ላይ ባለው ወንበር ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ ነው። ልጁ ቨርኔል አላለቀሰችም። ቀብሩ ለቅዳሜ ተቀጠረ። እስከዚያው ጎረቤቱ የተጠበሰ ዶሮ እያመጣ ነው፤ እሷም ሳህኑን እየተቀበለች ታመሰግናለች። ሰው "አይዞሽ" ሲላት ሌላ ሰው የሚያናግር ይመስላታል።

ስለ አባቷ ሁሉም የሚያወራው አንድ ነው። ሚስቱን ተከትሎ ከጆርጂያ ወደዚህች የአላባማ ከተማ ከመጣ ጀምሮ ለኒው ሆሬብ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ያልሠራው ሥራ የለም። ጣሪያ ጠግኗል፣ ምድጃ አንድዷል። ጥምቀት ሲኖር ቅዳሜ ከሰዓት ተጠማቂው ሙሉ በሙሉ የሚጠልቅበትን ገንዳ ፍቆ ውሃ የሚሞላው እሱ ነው። እሁድ ደግሞ ፎጣ ይዞ ገንዳው ዳር ይቆማል። የከተማው ልጅ ሁሉ ከውሃው ሲወጣ መጀመሪያ ያየው የእሱን ፊት ነው።

ዲያቆን ሁን ብለው በለመኑት ቁጥር "ለእኔ አይገባም" ይላል። የተጠመቁ ሁሉ የጌታን እራት በሚወስዱበት እሁድ እንኳ ኩሽና ገብቶ ትንንሾቹን ብርጭቆዎች ሲያጥብ ነው የሚገኘው። "እንዲህ ያለ ትሑት ሰው የት ይገኛል?" ይባባላሉ። ለቨርኔል ግን የደረሳት ከቤተክርስቲያኑ የተረፈው አባት ብቻ ነበር፤ ይህም አንጀቷን ያሳርራት ነበር።

በቅርቡ ደግሞ የባሰ መጣ። ባለፈው ወር በእህት ኦዴል ቤት በኩል ስታልፍ በመስኮቱ አየች። እህት ኦዴል የመዘምራኑን ልብስ የሚሰፉ፣ ባላቸው የሞተባቸው የቤተክርስቲያኑ አባል ናቸው። በሁለት እጃቸው የአባቷን ወገብ ዙሪያውን ይዘዋል። አባቷ ክንዱን አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ቨርኔል መኪናዋን አላቆመችም። እናቷ ከሞተች ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ከዚያ የመሞቱ ዋዜማ ቅዳሜ መጣ። ሐኪሙ ለልቡ ብሎ ከቤት እንዳይወጣ ከልክሎታል፤ እሱ ግን የፒክአፑን ቁልፍ ይዞ ተነሳ።

"ወዴት ነው፣ አባዬ?"

"ገንዳውን ልሞላ።"

"ነገ ጥምቀት አለ ያለህ ማነው? የተጠማቂ ስም ከመድረክ አልተነገረም።"

አባቷ ባርኔጣውን አስተካከለ።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ልጄ።"

"ሞኝ አታድርገኝ! የት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ባየሁህ መስኮት በኩል ሌላውም ሰው አይቶህ ይሆናል። እማዬን መቃብሯ ውስጥ አታሳፍራት!"

ትክ ብሎ አያት። ቁልፉን ከእጁ ስትወስድበት አልታገላትም።

"ካልሄድኩ ገንዳውን ማን ይሞላዋል?" አለ ብቻ።

"ደርቆ ይደር!"

ሲመሽ ገብቶ ተኛ። ጎህ ሳይቀድ ግን የእሁድ ልብሱን ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። የደረሰችው ከሞተ በኋላ ነው። ቁልፉ እስካሁን ሽርጧ ኪስ ውስጥ አለ፤ ለምን እንደማታወጣው አታውቅም።

አርብ ከሰዓት እህት ኦዴል በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። ቨርኔል ይግቡም አላለቻቸው።

"ነገ የፊተኛው ወንበር የቤተሰብ ነው" አለች። "እርስዎ ከኋላ ይቀመጣሉ።"

"የትም ልቀመጥ፣ ልጄ። ለወንበር አይደለም የመጣሁት።"

ወረቀቱን ፈቱት። ረጅም ነጭ ቀሚስ ነው፤ ውሃ ላይ እንዳይንሳፈፍ ጠርዙ ላይ ክብደት ተሰፍቶበታል። ቨርኔል እንዲህ ያለውን ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ እሷም ለብሳዋለች። ይሄኛው ግን የትልቅ ሰው ነው። አዲስ ነው፤ ውሃ አልነካውም።

"በዚህ ይቀበር" አሉ። "ባለፈው ወር ልኩን ወስጄ ነው የሰፋሁት።"

"ሱፉን አውጥቼለታለሁ። የተጠማቂ ልብስ ለእሱ ምን ያደርግለታል?"

እህት ኦዴል የቀሚሱን አንገትጌ በጣታቸው አቃኑት።

"ባለፈው እሁድ የሚጠመቀው እሱ ነበር።"