መሰላሉን የተሸከሙ

ሄለን ነገሩን ለአባቷ የነገረችው ኩሽና ውስጥ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ነው።

«አባባ፣ እትዬ እታለማሁ አርፈዋል። የጋሽ ኃይለልዑል እህት። አዲስ አበባ።»

ወልደአምላክ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ልጁ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት የምትገባው፣ ዓይኗ ቀልቶ የምትወጣው፣ ለካ ለዚህ ኖሯል።

«ሰምቷል?»

«አልሰሙም። ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚረዱት፣ ሰዉ ኦፍ ሲሆን። ልባቸውን ያማቸዋል፣ ብቻቸውን ሆነው መስማት የለባቸውም። እርስዎም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳሉ። እስከዚያ እየሄዱ ያጫውቷቸው። አደራ አባባ፣ ከፊትዎ እንዳያነቡ።»

«እሺ» አለ። ከዚህ በላይ ማውራት ልማዱ አይደለም።

ወልደአምላክ ፊደል አልቆጠረም። ከአሌክሳንድሪያ ኃይለልዑል ወደሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቀው በቀለም ነው። ቢጫውን ባቡር ይይዛል፣ መሃል ከተማ ወርዶ ቀዩን። እስካሁን በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚሄደው። የቀረውን ቀን መስኮት ሥር ተቀምጦ ፓርኪንጉን ሲያይ ይውላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሄለን ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የለም። ወንዱ ልጁ ዳጊ ቴክሳስ ትራክ ይነዳል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። ባለፈው እሑድ አልደወለም። «ኔትወርክ የሌለበት መንገድ ላይ ነው» ብላዋለች ሄለን።

ኃይለልዑልም ብቻውን ነው የሚኖረው። ሁለቱን ሽማግሎች የሚያገናኛቸው የድሮ ፊልም ነው፤ ሆሊውድ ገና በጅምሩ ሳለ የተሠራ፣ ድምፅ አልባ፣ አጭር የቀልድ ፊልም። አንድ ረጅም ሰውና አንድ ድንክ ሁልጊዜ አብረው ሥራ ይቀጠራሉ። ቀለም ይደፋሉ፣ ከጣሪያ ይወድቃሉ፣ ይባረራሉ። ቋንቋ አይጠይቅም። በየመሃሉ ጽሑፍ ብቅ ሲል እንግሊዝኛ የማያውቀው ኃይለልዑል ከልቡ ፈጥሮ ያነበዋል።

«ሴትዮዋ ‹ደግሞ መጣችሁ፣ እናንተ ጦሰኞች!› ነው የምትለው» ይላል።

ወልደአምላክ አይስቅም። ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። የሁለቱንም ሳቅ የሚስቀው ኃይለልዑል ነው።

ማክሰኞ ዕለት ወልደአምላክ ባቡር ውስጥ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ፈገግ ማለት ሲለማመድ ሄደ።

ፊልሙ የመሰላሉ ነበር። ረጅሙ ከፊት፣ ድንኩ ከኋላ ሆነው መሰላል ተሸክመዋል። ሰው ረጅሙን ይጠራዋል። ዞር ሲል የመሰላሉ ጫፍ ድንኩን ይጥለዋል። ይነሳል። ረጅሙ ምን እንዳደረገ አላወቀም። እንደገና ይጠሩታል።

ወልደአምላክ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ራሱም ደነገጠ።

«ምን ነካህ አንተ?» አለ ኃይለልዑል።

«ያስቃላ።»

«ስንት ጊዜ አይተኸዋል! አንድም ቀን ጥርስህን አላሳየኸኝም እኮ። ጥርስ ያለህም መስሎኝ አያውቅ።»

«ዛሬ አሳቀኝ።»

ኃይለልዑል ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እሱም ሳቀ፤ ዓይኑን በእጅጌው እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ጽሑፉ መጣ፤ ሳያነበው አለፈ።

ምስኪን፣ አለ ወልደአምላክ በልቡ። ምንም አያውቅም።

ሊሄድ ሲነሳ ኃይለልዑል እጁን ይዞ መልሶ አስቀመጠው። ሳህኑ ላይ ምግብ ቆለለበት።

«ብላ እንጂ! መሰላሉን መስለህ የለም እንዴ።»

ጉልበቱ እያመመው እስከ ባቡሩ ድረስ ሸኘው። እዚያም እጁን ጨብጦ ቶሎ አልለቀቀውም። ወልደአምላክ የኃይለልዑልን ፊት ሰረቅ አድርጎ አየ። ሰምቶ ይሆን? ከማን?

ማታ ለሄለን ነገራት።

«የጠረጠረ ይመስለኛል።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። እጄን ያዘኝ።»

ሄለን የደም ግፊት ክኒኑን መዳፉ ላይ አስቀምጣ፣ እስኪውጠው ድረስ አጠገቡ ቆመች። በዚያ ሳምንት ሥራ አልገባችም፤ ዕረፍት ነኝ ነው ያለችው።

ረቡዕም ሄደ፤ ሐሙስም። አርብ ዕለት ኃይለልዑል ፊልሙን መሃል ላይ አቆመው።

«ወልዴ።»

«አቤት።»

«ሰው ክፉ ነገር ቢመጣበት፣ ማን አጠገቡ ሆኖ ቢሰማው ይሻለዋል?»

ወልደአምላክ ሊነግረው ነበር። ምላሱ ላይ ደረሰ። እህትህ ሊል አፉን ከፈተ፤ የሄለን አደራ ትዝ አለው፤ መለሰው።

«ጓደኛው» አለ።

«እኔም እንደዚያ ነው የምለው።»

«ክፈተው አሁን። ድንኩ ሊወድቅ ነው።»

ድንኩ ወደቀ። ሁለቱም ሳቁ። ከሁለት አንዳቸውም ወደ ቴሌቪዥኑ አያዩም ነበር።

ቅዳሜ ወልደአምላክ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ጥቁር ኮቱን ለበሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ለኃይለልዑል የሚለውን በቀስታ ተለማመደ። «አይዞህ። እኔ አለሁ።» ትንሽ መሰለው። የሚጨምርበት ግን አጣ።

ታች ፓርኪንጉ ውስጥ የመኪና በሮች ተዘጉ፤ ብዙ በሮች። ሊወስዱት መጡ። በሩ ተንኳኳ። ሄለን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ አትንቀሳቀስም።

«ክፈቺላቸው እንጂ ልጄ። ከሌላ ሰው ቀድሞ ይሰማብናል።»

ሄለን አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አልፏት ሄደና ራሱ ከፈተው።

ደጃፉ ላይ፣ ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ የቆመው ኃይለልዑል ነበር። «አይዞህ ወልዴ» አለው፤ «ዳጊ...»