ሁለተኛው ጉርሻ

ቶማ ሊያስታጥበኝ ማንቆርቆሪያውን ሲያነሳ እኔ የማየው ከትከሻው በላይ ያለችውን ፀሐይ ነበር። ባሕር ዛፎቹ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሩብ ሰዓት ቢቀራት ነው።

«ምን ታያለህ? ታጠብ እንጂ» አለ ታላቅ ወንድሜ።

«ጋሼ ቶማ፣ ለመብላት አልመጣሁም። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።»

«ሰማሁህ። ታጠብ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ የማስተስረያ ቀን ይገባል። እስከ ነገ ማታ እህል የለ፣ ውሃ የለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመምህራችን በእዮኤል ሳሎን የምንሰበሰብ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ይህን የአይሁድ ጾም መጾም ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ሶዶ ውስጥ የማይስቅብን የለም፤ እሱንስ ለምደነዋል። ዘንድሮ ግን እዮኤል ያስተማረው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው በድለህ እንደሆነ፣ ሰውየው ራሱ ይቅር ካላለህ ጾምህ ከንቱ ነው አለ።

እኔ የበደልኩት ሰው ሩቅ አይደለም፤ ከምኖርበት ከኦቶና ሰፈር በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። አምና በእናታችን ቀብር ቀን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ቶማ በድንኳኑ መሃል እጁን ዘርግቶ ሊጸልይ ሲል ብድግ አልኩና «ሰንበትን የሚሽር አፍ በእናቴ ላይ አይጸልይም» አልኩት። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እየሰማ። ቶማ እጁን አጥፎ ተቀመጠ። እናታችን የበኩር ልጇን ጸሎት ሳታገኝ ተቀበረች።

ስንት ጊዜ ወጥቼ ከመንገድ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ሳመነታ ዋልኩ። ስወጣ ደግሞ ባጃጅ የለም፤ ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን ነውና ባለባጃጁ ሁሉ ሥጋ ላይ ነው። በእግሬ ስደርስ እንዲህ መሸብኝ።

«ነገ ማታ ልምጣና እንብላ» አልኩት። «አሁን ጾም ሊገባብኝ ነው።»

ቶማ ማንቆርቆሪያውን አላስቀመጠም። «አባታችን ሰው ሲያስታርቅ አይተሃል። ከገበታው ሳይበላ የተነሳውን ታርቋል ሲል ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ዓመት ሙሉ ጠበቅኩህ፣ ኤልሳዕ። በጊፋታ ቀን መጥተህ ነገ ትለኛለህ?»

ታጠብኩ። ሚስቱ ትርፌ በቅቤና በአይብ የራሰውን ቆጮ፣ ሙቿውን፣ መሃላችን አስቀመጠች። ከተጣላን ጀምሮ እሷም አላናገረችኝም፤ አሁንም ዓይኗን ከገበታው አላነሳችም።

ቶማ አጎረሰኝ። ሳላኝክ ዋጥኩት። ቀና ስል የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ገና ትንሽ ብርሃን አለች። ደረስኩ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ለመነሳት ስንደረደር ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ።

«በአንድ ጉርሻ? ደግሞ እንድንጣላ ነው?»

ሁለተኛውን ማዘጋጀት ጀመረ። ቶማ ሲፈጥረውም ችኩል አይደለም። አይቡን በጣቱ እየለየ ሰበሰበ፣ ቅቤው ውስጥ አገላበጠ፣ እንደገና አይብ ጨመረ። ብርሃኗ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ሸሸች፤ ጠፋች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። እነእዮኤል ለጸሎት ተሰብስበዋል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጉርሻው ፊቴ ደረሰ። በቃ ጋሼ፣ ጾሙ ገብቷል ልለው ስል እጁን አየሁት። ድንኳን ውስጥ ያጠፈው እጅ ነው። ጉርሻውን እንደያዘ ዓይኑን ወደ ትርፌ ሰረቅ አድርጎ መለሰ። ሚስቱ ፊት እንደገና እንዳላሳፍረው ፈርቷል።

አፌን ከፈትኩ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ታ ኢሻ» አለ። በቋንቋችን ወንድሜ ብሎ ከጠራኝ ዓመቱ ነው። «ፈጣሪም ይቅር ይበልህ።»

ትርፌ አሜን አለች። ሁለቱም እኔን ጠበቁ። አፌ ሙሉ ስለነበር አሜን ማለት አልቻልኩም።