የመጨረሻው ተከላካይ

ዮፍታሔ ከሦስት ወር ልምምድ ተመልሶ የግቢውን በር ሲከፍት፣ የሦስት ዓመት ልጁ ሶልያና «አባዬ!» እያለች ወደ እሱ ሮጠች። እጁን ዘረጋላት። እግሮቹ ግን ወደ ኋላ ሸሹ።

ዮፍታሔ በአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ የመጨረሻው ተከላካይ ነው፤ ወደ እሱ የሚሮጠውን ሁሉ ከፊቱ እያደረገ ያፈገፍጋል፣ ማንንም ከኋላው አያሳልፍም። ድሮ ኳስ ታቅፎ መሮጥ ብቻ በነበረበት ጊዜ ተከላካዮቹ ከፊት ተደርድረው ይገጥሙ ነበር። ኳሱን በሩቁ መወርወር ሲበዛ ወደ ኋላ ተበተኑ። በኋላም አሰላለፉ በየቅጽበቱ ሲቀያየር የሰው ሐሳብ አልደርስበት አለ፤ ሊጉም እግራቸውን በራሱ የሚያንቀሳቅስ የአሰላለፍ መሣሪያ በተጫዋቾች ጡንቻ ውስጥ እንዲቀበር ፈቀደ። ዮፍታሔም ወዶ ፈረመ።

ልጅቷ በሮጠች ቁጥር እሱ ግቢውን እየዞረ ሸሻት። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ሳቀች፤ ቆይታ ግን ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ያስወጡልህ!» አለች ሚስቱ ማኅሌት።

«አይወጣም» አላት ዓይኗን ሳያይ።

ሶልያና ደክሟት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «በቃ አንተ ና፣ አባዬ።»

ዝም ብላ ስለተቀመጠች እግሮቹ ታዘዙለት። ቀስ እያለ ተጠጋት። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ግን ልጅቷ በደስታ ብድግ አለች፤ እሱም እስከ አጥሩ ድረስ ሸሸ።